ያለ ተራዋ የተጠገነችው የስፌት መኪና

በጫማ ፋብሪካው ስፌት ክፍል ውስጥ የተበላሸ መኪና እንደ ታመመ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ መካኒኩም ጨርቁ በታሰረበት ቅደም ተከተል እየዞረ ይጠግናል። መኪናዋ የቆመባት ሴት እጇን አጣጥፋ ስትውል ኮታዋ ይጎድላል፤ ኮታዋ ሲጎድል አለቃዋ ያጉረመርማል። ስለዚህ እዚያ ክፍል ያሉ ሴቶች ባሎቻቸውን ይቅር ይሉ ይሆናል እንጂ ተራ የዘለለን ሰው ይቅር አይሉም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው መካኒኩ ራሱ ነበር። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለሚዞር ሠራተኛው ሁሉ «ካቻቢቴ» ነው የሚለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለነገር ፈጣን፣ ለፍቅር ግን ዓይን አፋር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ መካኒክ ብቻ አልነበረም፤ ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርነት እጩ ሆኖ ቀርቧል። ተፎካካሪው ሁለት ጊዜ ተመርጦ የሠራው የቆዳ ቆረጣ ክፍሉ አንጋፋ ነው። ቆዳም ሆነ የሰው ንግግር ሲቆርጥ አያመነታም፤ «መቀስ» የሚል ስም የወጣለትም በዚሁ ነው።

መቀስ በስፌት ክፍሉ የምትሠራው የሚጣ ወንድም ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሚጣ አሁን ሃያዎቹን አጋምሳለች። ወንድሟ በልጅነቷ ያወጣላት ስም ግን ፋብሪካው ድረስ ተከትሏት መጥቷል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። ወንድሟ ትምህርቱን ጥሎ ፋብሪካ ገባና አሳደጋት፣ አስተማራት። ሊያገባት ያሰባትን ሴት «ሚጣ ትንሽ ከፍ ትበል» እያለ ሲያቆያት ሌላ ሰው አገባት። ስለዚያች ሴት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ሚጣ ግን ታውቃለች፤ አንገቷን ያስደፋትም ይኸው ማወቋ ነው።

መቀስና ካቻቢቴ ዓይንና ናጫ ናቸው። አምና በጠቅላላ ጉባኤው ካቻቢቴ ተነስቶ «ሊቀመንበራችን ከአለቆች ጋር ሻይ ሲጠጣ ስኳሩ ከእኛ ኪስ ነው» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀስ የዚያን ልጅ ስም ሲሰማ መንጋጋው ይጠብቃል። እና፣ ማን ያምናል፣ በዚያው ዓመት ካቻቢቴና ሚጣ ተዋደዱ። እሱ መኪናዋ ስር ተንበርክኮ ሲሠራ ቆይቶ ቀና ሲል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ያርፋል። እሷ ዓይኗን ታሸሻለች፤ የሸሸው ዓይን ግን ብዙም ሳይርቅ ይመለሳል። የእረፍት ቀን ሲሆን ማንም በማያውቃቸው በከተማው ማዶ፣ የአውቶቡሱ ማዞሪያ ጋ ይገናኛሉ። ምርጫው ይለፍና ቤታችሁ መጥቼ ወንድምሽን እጠይቀዋለሁ ብሏታል። ከተሸነፈ ሐዘኑን፣ ካሸነፈ ይቅርታውን ይዞ ሊመጣ።

ዘመቻው ሊጀመር ሲል ሁለቱም እጩዎች በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት ቃል ገቡ። ከቃሎቹ አንዱ፣ ማንም እጩ በያዘው ሥራ ተጠቅሞ ለመራጭ የተለየ ውለታ እንዳይውል የሚከለክል ነበር። ይህን ያፈረሰ ይሰረዛል። ካቻቢቴ በሆዱ ሳቀ። «እኔ ያለኝ ሥልጣን ዘይት መቀባት ነው» አለ።

ዘመቻው በተጋመሰ ጊዜ የሚጣ መኪና ተበላሸች። እግር ከፔዳሉ ላይ ከተነሳ በኋላም መርፌው አንድ ሁለቴ ይወርዳል። ሚጣ ቀይ ጨርቋን አሰረች። ከጎኗ የሚሰፉት የክፍሉ ታላቅ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ በዚሁ በሽታ ከእሷ ቀድመው አስረው እየጠበቁ ነበር። የክፍሉ አለቃ ግን «ትዕዛዙ ደርሷል፤ እስኪጠገን እየተጠነቀቃችሁ ስፉ» አለ። ሚጣ ተጠንቅቃ ሰፋች። ከምሳ በፊት መርፌው ጣቷን በጥፍሯ በኩል በስቶ ወጣ።

ካቻቢቴ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ አያት። አልጮኸችም። ጣቷን በጨርቅ ቁራጭ ጠቀለለች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ያንኑ እጇን መልሳ መርፌው ስር አስገባች። እሱን የገደለው መወጋቷ ሳይሆን መመለሷ ነው። የመፍቻ ሣጥኑን አንስቶ፣ የእትዬን መኪና አልፎ፣ የሚጣ መኪና ስር ገባ።

«ተራዬ አይደለም» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«እትዬ ይቀድሙኛል። ሰው እያየ ነው እኮ!»

«ይየኛ!» መፍቻውን አነሳ። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን አንሺልኝ። እለምንሻለሁ፣ እጅሽን ብቻ አንሺልኝ።»

ሚጣ እጇን አነሳች። ከጠረጴዛው ስር ሆኖ ሲፈታና ሲያጠብቅ ትከሻው ብቻ ይታያታል፤ ያለቅስ እንደሆነም አላወቀችም። እንዲህ የፈራላት ሰው ኖሮ የሚያውቅ አልመሰላትም። ያሳደጋትን ወንድሟን እንኳ ለአንድ አፍታ ረሳችው።

* * *

ጉዱ የፈላው ከሰዓት በኋላ ነው። ከካቻቢቴ ደጋፊዎች አንዱ አፉ አላርፍ ብሎት «የሊቀመንበሩ እህት ራሷ ወደ እኛ ዞረች» ብሎ መታጠቢያው ጋ ፎከረ። ፉከራው ሳይመሽ ቆረጣ ክፍል ደረሰ።

ራት ላይ ወንድሟ ዳቦውን ቆርሶ እንደ ወትሮው ትልቁን ቁራሽ እሷ ፊት አስቀመጠ።

«ጣትሽን ምን ሆንሽ?»

«መርፌ ነው ጋሼ። ቀላል ነው።»

«ያ ልጅ መኪናሽን ያለ ተራዋ ጠገነ አሉ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ።»

ወንድሟ ማኘኩን ተወ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች፤ አላገኘችም። የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ ሚጣዬ?»

ከአፏ ሊወጣ ምን ቀረው። ግን ያቺ የጠፋችው ሴት፣ ትምህርቱ፣ ለእሷ ሲል ያልለበሰው ልብስ ሁሉ በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ መሰላት።

«ምንም የለም ጋሼ።»

«እሺ» አለ። «እንግዲያው ነገ አቤቱታ አስገባለሁ። የምርጫ ሥርዓት ተጥሷል።» ከዚያ በኋላ ዳቦውን አልነካውም። ሚጣ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የውኃው ድምፅ እንባዋን ደበቀላት።

* * *

አቤቱታው የሚሰማበት ቀን ሲቃረብ ካቻቢቴ በምሳ ሰዓት ቆዳ ማከማቻው ኋላ አገኛት። ቦታው በጥሬ ቆዳ ሽታ ሰውን ያባርራል፤ እነሱን ግን ደብቆ አኑሯቸዋል።

«ለምን አደረግከው ብለው ይጠይቁኛል» አላት። «መኪናዋ አደገኛ ነበረች ብል የእትዬም አደገኛ ነበረች። እወዳታለሁ ብል ደግሞ ‹ለማምለጥ ሲል የሰው እህት ስም አነሳ› ይሉኛል። አንቺን መሸሸጊያ አላደርግሽም፤ ይቅርብኝ። አንቺ ራስሽ ከተናገርሽ ግን ነገሩ እዚያው ያልቃል።»

«እናገራለሁ።»

«ወንድምሽ ፊት?»

«ወንድሜ ፊት።»

«ማድረግ ካልቻልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

«እናገራለሁ አልኩህ እኮ! ስንቴ ልበልህ?»

«እስቲ ሙት በይኝ።»

«ሙት!» አለችውና ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን ካቻቢቴ እያፏጨ ነው የዋለው። እትዬ እንኳ አኩርፈው ሳሉ «ይሄ ልጅ ምን አግኝቶ ነው?» አሉ። ሚጣም ስትሰፋ ልቧ ክንፍ አውጥቶ ነበር፤ ድፍረት ከወዲሁ በኪሷ የተቀመጠ ነገር መስሏታል።

* * *

ቅሬታው የተሰማው በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ወደ አንድ ወገን ዞረዋል፤ ወሬ የሚወድ ሁሉ ቆሞም ቢሆን ገብቷል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ የመጋዘን ኃላፊዋ ናቸው፤ አንዲት ምስማር ሳያስፈርሙ የማይሰጡ ሴት።

መቀስ ተነስቶ በአጭሩ ተናገረ። ቃል ተገብቷል፤ ቃል ፈርሷል፤ ተራ ተዘሏል፤ የተጠቀመው ደግሞ የእጩው ዘመቻ ነው። ሲናገር እህቱን አላየም።

ቀጥሎ እትዬ ተጠሩ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተነሱና ኮሚቴውን ትተው ወደ ካቻቢቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አንተን ልመርጥ ነበር። ልጆቼንም ‹ይሄ ልጅ ለእኛ ይናገራል› እላቸው ነበር። ያጠፋሁብህ ነገር ካለ ንገረኝ። ለምን አለፍከኝ?»

ካቻቢቴ፣ ያ ለነገር ፈጣኑ ልጅ፣ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» ብቻ አለ።

«ይቅርታውስ ይሁን። ግን ለምን?»

ሰብሳቢዋ «ሚጣ» ብለው ተጣሩ።

ተነሳች።

«መኪናሽን ሲጠግን እንድትመርጪው ጠይቆሻል?»

«አልጠየቀኝም።»

«ሌላ ሰው አስመርጪልኝ ብሎሻል?»

«አላለኝም።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ። ካቻቢቴ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ተስፋ ሲወጣ ማንም ሰው ያየዋል።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪን» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ድምፃቸው ለስልሶ። «እትዬን አልፎ ያንቺን የጠገነው ለምንድን ነው?»

ሚጣ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ወንድሟ ላይ ያረፈው። ሸሚዙን ጠዋት የተኮሰችለት እሷ ናት። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አኑሮ፣ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ ይቀመጥ እንደነበረው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ትኩር ብሎ ያያታል። አሁን ብናገር፣ አለች በልቧ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይሄን ሸሚዝ የማወልቅበት ይመስለኛል። የገዛ እህቱ ከጠላቱ ጋር፣ ዓመት ሙሉ፣ እሱ ሳያውቅ።

አንገቷን ደፋች። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ሻይ ደርቆ ቀርቷል። እሱን አየች።

«ሚጣ?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ሰብሳቢዋ አሁንም ሊጠይቁ ነበር። ካቻቢቴ ተነሳ።

«ልጅቷን አታስጨንቋት። ለምርጫ ብዬ ነው።»

አዳራሹ ተናጋ። አንዱ ደጋፊው «ምን ሆነሃል? ተቀመጥ!» ብሎ እጅጌውን ያዘው። አስለቀቀው።

«የሊቀመንበሩ እህት ወደ እኔ ዞረች እንዲባልልኝ ፈልጌ ነው። እትዬን ያለፍኩት ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሰብሳቢዋ ግራ ተጋብተው ግራና ቀኝ ያሉትን አባላት አዩ። ካመነ ምን ይባላል? ከውድድር ተሰረዘ። ካቻቢቴ ውሳኔው እስኪነበብ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያም በሰዎቹ መካከል መንገድ እየለመነ ወጣ። እሷን ለማዳን ሲዋሽም፣ ዋሽቶ ሲወጣም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። «ሌላ ምክንያት የለኝም» ያለው ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም እንደ እውነት አመማት።

* * *

መቀስ ብቻውን ቀርቦ ተመረጠ። የቀረው ጠቅላላ ጉባኤው ውጤቱን እንዲያጸድቅ ነበር።

በእነዚያ ቀናት የካቻቢቴን ሰላምታ የሚመልሱ ሰዎች አነሱ። አምና በቀልዱ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት ሁሉ «ያ የድምፅ ነጋዴ» ይሉት ጀመር። እሱ ግን ሣጥኑን ይዞ በተራው ይዞራል፤ የእትዬን መኪና ከፈታ በኋላ አዲስ አስመስሎ ገጥሞላቸዋል። አንድ ቀን የሚጣ ቀበቶ ላላና በተራዋ መጣላት። ስር ገባ፣ አጠበቀ፣ ወጣ። «አለቀ» ብሏት ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አላየም። ሚጣ ያን ከሰዓት ሦስት ጥንድ ጫማ ግራና ቀኙን አምታታ ሰፍታ አለቃዋ ተቆጣት።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ምሽት ወንድሟን ገና ራት ሳይቀርብ ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የተሾመ ሰው ፊት አልነበረውም። ሚጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተናገረችው።

«ጋሼ፣ እወደዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና። አውቶቡስ ማዞሪያው ጋ ቆማችሁ አይቻችኋለሁ። እየሳቅሽ ነበር። እንዲያ ስትስቂ ቤት ውስጥ አይቼሽ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ከሰስከው? እያወቅክ ለምን?»

«እንድትነግሪኝ ብዬ።» መቀስ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «ራት ላይ ጠየቅኩሽ፤ ምንም የለም አልሽኝ። ኮሚቴው ሲጠይቃት መናገሯ አይቀርም አልኩ። ስትናገሪ ተነስቼ አቤቱታዬን አንስቻለሁ ልል፣ ለእሱም እጄን ልዘረጋለት፣ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ እየፈራሽ የደበቅሽኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ የምትፈሪው እኔን ነው። ያሳደግኩሽን እኔን!»

«እሱ በራሱ ላይ ሲመሰክር ግን ዝም አልክ።»

ወንድሟ እጁን ከዓይኑ ላይ አወረደ።

«መመረጥ ፈለግኩ» አለ። «እውነቱ ይሄ ነው፤ ለአንድ አፍታ መመረጥ ፈለግኩ። ከዚያ በኋላ አፌ አልከፈት አለኝ።»

ሚጣ ተንደርድራ ልትሰድበው ነበር። ግን የእሷም አፍ በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ ተዘግቷል። ጎኑ ተቀመጠች።

«ነገ እናገራለሁ ጋሼ።»

«ተናገሪ። ብቻሽን ግን አትቆሚም።» ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር።

* * *

በጉባኤው ላይ ሰብሳቢዋ ለወጉ ያህል «ከማጽደቃችን በፊት ቅሬታ ያለው ይናገር» አሉ። ወረቀታቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ሚጣ እጇን አነሳች።

«ካቻቢቴ መኪናዬን የጠገነው ስለሚወደኝ ነው። መርፌ ወግቶኝ ሲያየኝ አላስችለው ብሎ ነው። እኔም እወደዋለሁ። አላውቅም ያልኩት ውሸት ነው። እሱም ለምርጫ ብዬ ነው ያለው ውሸት ነው፤ እኔ ስፈራ አይቶ ነው የዋሸው።»

ጫጫታው ሳይበርድ መቀስ ተነሳ። ያን ቀን ንግግር አልቆረጠም፤ እስከ መጨረሻው ተናገረ። «እህቴ ያለችው እውነት ነው። እኔም አውቅ ነበር፤ አውቄም ዝም ብዬ ተመረጥኩ። ይሄ ወንበር አይገባኝም።»

ኮሚቴው ወደ ጓዳ ገብቶ ተመካከረ። ሲመለሱ ሰብሳቢዋ ቆመው ተናገሩ። «ለፍቅርም ቢሆን ተራ መዝለል ጥፋት ነው። ልጁ በክፍሉ ሁሉ ፊት እትዬን ይቅርታ ይጠይቃል። ጥፋት ሁሉ ግን የመራጭን ልብ መግዛት አይደለም። ስረዛው ተነስቷል፤ የሊቀመንበሩ ምርጫ ይደገማል።» እትዬ ከመቀመጫቸው «ይቅር ብዬዋለሁ፤ እኔን የጨነቀኝ ምክንያቱ ነበር!» ብለው ጮኹ። ሰው በእንባና በሳቅ አጨበጨበ።

ካቻቢቴ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ጭብጨባው ሲጀመር ወጣ። ሚጣ እየሮጠች ተከተለችው፤ ካርቶን በሚጫንበት ግቢ ውስጥ ደረሰችበት።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ስምህ ጸዳ እኮ!»

«አመሰግናለሁ» አላት።

እንዲህ ያለ ቃል በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም። ሚጣ እጁን ልትይዝ የዘረጋችው እጅ መንገድ ላይ ቀረ።

«ተቀይመኸኛል።»

«ብቀየምሽ ይሻለኝ ነበር፤ ቅያሜ ይበርዳል።» ካቻቢቴ የተደረደሩትን ካርቶኖች እያየ ነበር የሚናገረው። «መሰረዜ አላመመኝም። ነጋዴ መባሌም አላመመኝም። ባትናገሪ እንኳ ቀና ብለሽ ብታይኝ ይበቃኝ ነበር። እኔ አንቺን ስጠብቅ አንቺ ወለሉን አየሽ።»

«ፈራሁ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የዋሸሁልሽ። አሁንም ቢሆን እዋሽልሽ ነበር።»

«ታዲያ? ዛሬ አልፈራሁም። በሁሉ ፊት ተናገርኩ!»

«ዛሬማ ጎበዝ ነሽ። ማንም ሴት እንዲህ አታደርግም።» ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። «ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር የምሰማው ‹አላውቅም› ያልሽውን ነው። ስትሰፊ ባይሽም፣ ስትስቂ ባይሽም እሱን ነው። ከውስጤ ውጣ ብዬ ብለምነው አይወጣልኝም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ትዳር ትይዣለሽ?»

«ይወጣል። እጠብቅሃለሁ።»

«አትጠብቂኝ። እለምንሻለሁ፣ አትጠብቂኝ።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። «ሙት ብለሽኝ ነበር እኮ» ብሏት ዞሮ ሄደ። ሚጣ ካርቶኖቹን ተደግፋ ቀረች። ልትጠራው ፈለገች፤ የምትጠራበት መብት ግን የት እንዳለ አጣችው።

* * *

ምርጫው ሲደገም መቀስ አልተወዳደረም። ከቆረጣ ክፍል ሌላ ሰው ቀረበ። ስፌት ክፍል ግን በአንድ አፍ «ካቻቢቴ» ብሏል፤ ለፍቅሩ ሲል ስሙን የጣለ ሰው ለእኛማ ምን አይሆንልን ይላሉ ሴቶቹ። ሚጣ ይህን ስትሰማ መኪናዋ ላይ ትጎነበሳለች።

በምርጫው ቀን ተራዋ ደርሶ መጋረጃው ውስጥ ገባች። በእሱ ፎቶ ትይዩ ምልክቷን አደረገች። ብዙ መቆየት ፈልጋ ነበር፤ ከውጭ «ቶሎ በይ» አሏት።

የድምፅ መስጫው ሣጥን አጠገብ ሁለቱ እጩዎች እንደ ደንቡ ቆመው ይታዘባሉ። ካቻቢቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮሌታው አልተተኮሰም። ሚጣ ወረቀቷን ስታስገባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት። ከእሷ በፊት ለነበሩት ለእትዬም እጅ ነስቷል። ከእሷ በኋላ ለመጣችውም እጅ ነሳ፤ በዚያው ፊት፣ በዚያው ትሕትና። ሚጣ ቢጠላት ትችለው ነበር። ከሰው ሁሉ እኩል መሆንን ግን አልቻለችም፤ ግቢውን አቋርጣ ሳትጨርስ አለቀሰች።